አምባሰል በኤሌክትሪክ ጊታር፦ የደሴ ባንድ ለምን ደሴ የለም?

ከአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች የሚወጣውን የባንድ ሙዚቃ በቅርብ የሚከታተል ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ጊታሩ እየጮኸ፣ ድራሙ እየተደበደበ ይቆይና መሀል ላይ ክራር ወይም ማሲንቆ ይገባል። ዜማው ሲጣራ ብዙ ጊዜ መነሻው ወሎ ነው፦ አምባሰል፣ ባቲ፣ ካልሆነም ትዝታ። ልብሱም የወሎ፣ እስክስታውም የወሎ ነው። ቪዲዮው ላይ ከኋላ የሚታየው ተራራ ሳይቀር አንዳንዴ የኛው ጦሳ ይሆናል። ባንዱ ብቻ የአዲስ አበባ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ልጆቻችን ወደ መሀል አገር እየፈለሱ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሰው የሚፈልሰው ሥራው ወዳለበት ስለሆነ መልሱ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከመግፋት ሌላ የሚፈይደው የለም። የአገር ቤት ዜማን በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚጫወት፣ በተለምዶ ፎክ ሮክ የሚባለው ዓይነት ባንድ እንዲበቅል የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደሴ ላይ አለ። ዜማው አለ፣ ድምፁ አለ፣ ጆሮ ያለው አድማጭም አለ። የጠፋው ሙዚቀኞች ተሰብስበው፣ እየተከፈላቸው፣ ዓመት ሙሉ የሚለማመዱበት ቤት ነው። ይህ ቤት ደግሞ አንድ ዘመን ነበር።

ከመሬቱ እንጀምር። የአገራችን ዜማ ከሚሠራባቸው አራት ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ) ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ የቦታ ስም ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅን አልፎ የሚሄድ ሰው ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ወረዳ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በስተምሥራቅ ያለውን የያዘ ሰው ባቲ ይገባል። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን አንድ ሜዳ ላይ የሚያገናኝ ገበያ ነው። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት በሁለት ቅኝቶች መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅኝቶቹ በትክክል እዚያ ቦታ ተወለዱ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስም የዜማ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ቢሆንም ሕዝቡ እነዚህን ዜማዎች ሲሰማ ስሙንም ቦታውንም የራሱ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ለባንድ ሥራ የሚጠቅመውም ይኸው የባለቤትነት ስሜት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ፤ ምክንያቱም «ባህላዊውን ከዘመናዊው ማዋሃድ» የሚለው ሐረግ በየመድረኩ ቢደጋገምም እንዴት እንደሚዋሃድ የሚናገር ብዙ አይሰማም። ባቲ ማይነር የሚባለውን እንውሰድ። ከ«ዶ» ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል ናቸው፤ ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ጊታር የተማረ ሰው እነዚህን አምስት ድምፆች ሲያይ ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ብሉዝም ሮክም ሶሎ የሚወጣበት አምስት ድምፅ ያለው ማይነር ስኬል ማለት ይኸው ነው። ሌላ አይደለም። የኮምቦልቻ ልጅ የመጀመሪያ ጊታሩን ገዝቶ ከኢንተርኔት የሮክ ሶሎ ሲለማመድ፣ ሳያውቀው ባቲ እየተጫወተ ነው። ልዩነቱ ያለው በአጨዋወቱ ነው፦ የት ድምፅ ላይ እንደሚቆይ፣ ከየት ወደ የት እንደሚንሸራተት፣ ሐረጉን በምን እንደሚዘጋ። ይህን ደግሞ ከኢንተርኔት አይማረውም፤ አያቱ ቡና እያፈላች ስታንጎራጉር ነው የሚሰማው።

አምባሰል ከዚህ የበለጠ ይገርማል። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። ልብ ይበሉ፣ «ሚ» የሚባል ነገር የለም፤ ሙሉውም የለም፣ ቤሞሉም የለም። የፈረንጅ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ደስታና ሐዘኑን የሚለየው በዚህች በሌለችው ድምፅ ስለሆነ አምባሰል ሜጀርም ማይነርም ሳይሆን መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የአምባሰል ሆድ የሚያባባ ነገር አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል። በኪቦርድ ዘመን የተቀዱ ብዙ አምባሰሎች የሚጎረብጡትም እዚህ ላይ ነው፤ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ሥራ እንዳያስፈታ ሙሉ ኮርድ ይይዛል፣ «ሚ»ም ሳትጋበዝ ትገባለች። ዘፋኟ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ኮርዱ ወደ ሌላ።

ሮክ ግን ፓወር ኮርድ የሚባል ነገር አለው፦ ዶና ሶል ብቻ፣ መሀሉ ባዶ። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ነገር) የገባበት ጊታር ሙሉ ኮርድ ሲመታ ድምፁ ስለሚንጫጫ ሮከሮች በራሳቸው ምክንያት የመሀለኛዋን ድምፅ ትተዋታል። ስለዚህ ኪቦርዱ ያበላሸውን አምባሰል የሮክ ጊታር ሳይነካ ያጅበዋል። ከራሱ ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ ሦስት ፓወር ኮርዶች ይወጣሉ፦ በዶ፣ በሬ ቤሞልና በፋ ላይ። ከዶ ወደ ሬ ቤሞል የምትደረገዋ የግማሽ ድምፅ ንቅናቄ ደግሞ የከባድ ሮክ አፍቃሪዎች አጥንት ውስጥ ያለች ናት። «ሮክ ከአምባሰል ጋር አይሄድም» የሚሉ ሽማግሌዎችንም ወጣቶችንም ሰምቻለሁ፤ በኔ ግምት ከኪቦርድ ይልቅ ለአምባሰል የሚቀርበው ሮክ ነው።

ሁሉም ቅኝት እንዲህ እሺ አይልም። አንቺ ሆዬ ለኔ ሶሉ ቤሞል ስለሆነ ከዶ ጋር የሚቆም ፓወር ኮርድ የለውም። እዚያ ላይ ጊታሩ እጁን ሰብስቦ አንዲት ድምፅ እየያዘ ማሲንቆውን መከተል አለበት። ይህን የማያውቅ ባንድ አንቺ ሆዬን ሲነካ ወዲያው ይታወቅበታል።

ክራሩ ራሱስ? መድረክ ላይ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን ሲቆም ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው ድምፁ ይዋጣል፤ በማይክ ብቻ ላጉላህ ሲሉት ስፒከሩ ያፏጫል። ለዚህ ፒክ አፕ (የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየር የሚልክ መሣሪያ) መግጠም መፍትሔ ሆኗል። ሁለተኛው የቅኝት ነገር ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ብቻ ስላለው ከባቲ ወደ አምባሰል ሲዞር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ተጫዋቹ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን እያዞረ፣ ጆሮውን ወደ ገበቴው አዘንብሎ፣ እያንዳንዷን ክር ነካ እያደረገ ይሞክራል። በባህል ቤት ይህ ጊዜ የጨዋታው አካል ነው፤ ዘፋኙ ታዳሚውን እያሞገሰ ያሳልፈዋል። አምፕሊፋየር እየጮኸ ባለበት መድረክ ግን የሚቃኘው ሰው የራሱን ክር መስማት አይችልም። ስለዚህ ወይ ሁለት ሦስት ክራር አስቀድሞ ቃኝቶ ማሰለፍ፣ ወይ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በቅኝት ማቧደን ግድ ይላል። ግርፍ የሚባለው አጨዋወት ግን ለባንድ የተሠራ ይመስላል፤ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ። ሪትም ጊታር ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

ስለ ምቱ ብዙ አልልም። ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ በአራት አራተኛ ያደገ ድራመር ሲገባበት መጀመሪያ ይደነቃቀፋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ይልቅ አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ መንዙማ። የወሎ ዜማ ሲባል ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ በድቤና በጭብጨባ የሚታጀበው መንዙማ፣ በወዳጃ (በጋራ ዱዓ በሚደረግበት ጉባኤ) ላይ የሚወርደው ዜማ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ዝማሬ የዚህ አካባቢ ጆሮ የተቀረጸበት ነው። ለአዲስ ባንድ በተለይ የመንዙማ አውጪና ተቀባይ አደራረግ ፈታኝ መስህብ አለው። ቃሉ ግን ነቢዩን የሚያወድስ ነው፤ ቢራ በሚሸጥበት መድረክ ላይ ማንሳት ለብዙ ቤተሰብ ስድብ ነው። ደሴ የሚኖር ባንድ ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ከሩቅ የሚመጣ ባንድ «ሳምፕል» ብሎ ከተቀዳው ላይ ቆርጦ ይወስደዋል። ሥርን በተመለከተ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ ቅኝት ከየትም ይጠናል፣ የቱን መንካት እንደማይገባ የሚያስተምረው ግን ጎረቤት ነው።

አንድ ዘመን ነበር ያልኩትን ቤት ላንሳ። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ደግሞ ላሊበላ የሚባል ቡድን ነበራቸው። የአምባሰል ንግሥት እየተባለች የምትጠራው ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚሁ ከላሊበላ ኪነት ነው። ቡድኖቹን ማወደስ አልፈልግም። የተቋቋሙት ለአብዮቱ ቅስቀሳ ነበር፤ አጀንዳውን የሚመርጠው ካድሬ ነው፣ ያማረ የሕዝብ ዜማ ላይ የመፈክር ግጥም ተለጥፎ ስንት ጊዜ ተሰማ። ነገር ግን አሠራሩን ከዓላማው ለይተን እንየው። ከገጠር ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ ተፈልጋ ትመጣለች፤ ማሲንቆ መቺው፣ ዋሽንት ነፊው፣ ከበሮ መቺውና ተወዛዋዡ አንድ ግቢ ውስጥ ይውላሉ፤ ይለማመዳሉ፤ በየአውራጃው እየዞሩ ያቀርባሉ፤ ወር ሲደርስ ይከፈላቸዋል። ድምፅ ብቻዋን ስትሆን ተሰጥኦ ናት፤ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ስትውል ሙያ ትሆናለች።

ከ1983 በኋላ ክፍለ ሀገር የሚባለው አወቃቀር ቀረ፣ ወሎም የክልል ዞኖች ሆኖ ተከፋፈለ። የአማራ ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነች፤ ክልሉ የሚኮራበት ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም እዚያው ነው። ደሴ የባህል አምባ አዳራሽዋንና የኪነት ቡድን ስሟን ይዛ ብትቀርም ከክፍለ ሀገር ዋና ከተማነት ወደ ዞን ከተማነት መውረድ በበጀት ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ገበያው ክፍተቱን ለምን አልሞላውም? ሒሳቡን ቀርበን እንየው። የባህል ምሽት ቤት የሚሠራው በሽልማት ነው። ዘፋኙ ያሞግሳል፣ እንግዳው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ዘፋኝና ማሲንቆ መቺ ሁለት ሆነው ሲካፈሉት ያኖራል፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ክራር፣ ማሲንቆና ዘፋኝ ሆነው ለስድስት ሲካፈሉት የታክሲም አይሆን። ሠርግ አለ፤ ግን ሠርግ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሥራ ነው፣ ደጋሹም ዛሬ የሚፈልገው አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ ወይም ዲጄ ነው። ይህ የኪቦርድ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ከ1966 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ሲያንቅ ትልልቅ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች ተዳከሙ፤ ቀስ በቀስ አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ሳክስፎኑንም ተክቶ ቁጭ አለ። በካሴት ዘመን የተጀመረው ልማድ በዩቲዩብ ነጠላ ዜማ ዘመን ባሰ፤ ዘፋኙ ብቻውን ስቱዲዮ ይገባል፣ አቀናባሪው ብቻውን ያቀናብራል፣ ባንድ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ስቱዲዮውና አቀናባሪው ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር።

የሰላሙ ሁኔታ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ገደማ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። ሙዚየም ያልተረፈበት ዝርፊያ የግለሰብን አምፕሊፋየርና ሚክሰር ይምራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ትንፋሽ ተወስዶ ሳያበቃ በሐምሌ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የምሽት ሙዚቃ የሚኖረው ሰው ማምሸት ሲችል ነው፤ በየወረዳው መዞር የሚቻለውም መንገድ ሲከፈት ነው። መብራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማሲንቆ መቺ መብራት ቢጠፋ ሻማ አስበርቶ ይቀጥላል፤ የሮክ ባንድ ያለ ጀነሬተር ድምፁ ይጠፋል፣ ነዳጁም ከትኬቱ ገቢ ላይ የሚነሳ ነው።

አንድ ከታሪክ የሚነሳ ነገር አለ፤ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም ልጥቀሰው። ሮክ ወሎን አያውቃትም ማለት አይቻልም። በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያሰራጨው የረሃብ ዘገባ ነው የእንግሊዝን ሙዚቀኞች ያነሳሳው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተደረገውን ታላቅ ኮንሰርት የወለደውም እሱ ነው። የዘመኑ ትልልቅ የሮክ ስሞች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለዚህ ምድር ሲሉ መድረክ ወጡ። ገንዘብ ተሰበሰበ፣ እህል መጣ፤ ለዚያ ምስጋና ይገባል። ሆኖም ያ ሁሉ ጊታር ወሎን ያወቃት በአጥንቷ እንጂ በዜማዋ አልነበረም። የባቲ ማይነር አምስት ድምፆችና የነሱ ብሉዝ አንድ መሆናቸውን ከመድረኩ ላይ የሚነግራቸው የወሎ ሰው አልነበረም።

ይህ ዓይነት ሙዚቃ ሠርቶ መታየት እንደሚችል ማስረጃ አለ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኧርታሌ» የተባለውን አልበሙን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ሲያወጣ ሮክን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ፊት ለፊት አጋጥሞ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመ ባንድ ነው። ለንደን ላይ ደግሞ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ጊታሩን ጭራሽ ትቶ ክራሩን ራሱን በኤሌክትሪክ አስጩኋል። ከአገር ውጪ ምሳሌ ካስፈለገ የሰሜን ማሊው ቲናሪዌን አለ። ከኪዳል አካባቢ የተሰደዱ የቱዋሬግ ልጆች የአባቶቻቸውን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው እ.ኤ.አ. በ2012 ግራሚ ተሸለሙ። ቲናሪዌን መጀመሪያ ያፈራው አድማጭ ግን ፈረንሳይ አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ በሚገለበጥ ካሴት በረሃው ውስጥ ያለው የራሱ ሰው ነው ቀድሞ የሰማው፣ የወደደው፣ ያረመው።

«ያረመው» ያልኩት ለዚህ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ አምባሰልን አጣሞ የሚጫወት ጊታሪስት ይጨበጨብለታል፤ አድማጩ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነውና ምናልባት አያውቅም። ደሴ አራዳ ወይም ሰኞ ገበያ ላይ ቢጫወተው ግን ከፊት ወንበር ያሉት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎረቤታቸውን ያዩታል። ማንም ምንም አይናገርም። ጊታሪስቱ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያቺን ድምፅ ቀስ አድርጎ ክሩን ጎተት በማድረግ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። የጊታር ጥሩ ነገሩ ይህ ነው፤ ክሩ ይጎተታል። ኪቦርድ ይህን አያደርግም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? በኔ እምነት ፌስቲቫል ማዘጋጀት የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት፤ ፌስቲቫል በጀት በልቶ በሦስተኛው ቀን የሚበተን ነገር ነው። የሚቀድመው ቁልፍ ነው፤ የአዳራሽ ቁልፍ። ከተማው ውስጥ በሳምንት አብዛኛውን ቀን ተዘግተው የሚውሉ የመንግሥትና የትምህርት ቤት አዳራሾች አሉ። ለወጣቶች በቀን ለልምምድ መክፈት፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው መመደብ፣ አንድ ድራምና ሁለት አምፕሊፋየር አስቀምጦ በተራ ማስጠቀም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ማምሸት አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ ደግሞ የእሑድ ከሰዓት ዝግጅት ይበጃል። በጠራራ ፀሐይ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ መጠጥ የማይቀርብበት መድረክ ስለሚሆንም በምሽት ቤት ምክንያት ከሙዚቃ የራቀው ግማሹ ከተማ ይታደማል። ኮምቦልቻ በዚህ በኩል ከደሴ ትሻላለች፤ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ደመወዝ የሚያገኝ ወጣት አለና ትንሽም ቢሆን ትኬት የሚገዛ ሰው አይጠፋም። የፋብሪካዎቹ ማስታወቂያ በጀትም ቢሆን ከአዲስ አበባ ዘፋኝ አስመጥቶ በአንድ ቀን ከማለቅ የአካባቢን ባንድ ለዓመት ቢይዝ ለራሳቸውም የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ሌላው የሕግ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏልም። በየአልበሙ ሽፋን ላይ ግን ዛሬም «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል መስመር እናነባለን። አንዳንዱ እውነት የሕዝብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ያለው ነው፤ ግጥሙን የሰጠች አልቃሽ፣ ዜማውን ያቀበለ የገጠር ማሲንቆ መቺ አለ። የደሴ ባንድ ደሴ ላይ ቢሠራ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚለያየው አንድ የሚኒባስ መንገድ ነው። ሄዶ ሊጠይቃቸው፣ ስማቸውን ሊጽፍ፣ ድርሻቸውን ሊሰጣቸው ይችላል፤ ከሰጠም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዜማ ይነግሩታል። አሁን ባለው አሠራር ግን ዜማውን ያቀበለው ሰው ዘፈኑን የሚሰማው ገበያ ወጥቶ ከሱቅ ስፒከር ነው።